ሳንሱር የነካው ተውኔት ፊልም ሲሆን፦ ምስጢሩን በሌላ ምስጢር መተካት ይቻላል?

መጋረጃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት እኅትማማቾች ብቻ የሚጫወቱበት ተውኔት አለኝ። አባታቸው ሞቶ ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ሰው ግን የለም። ሲነታረኩ ያድሩና ጎህ ሲቀድ ታላቂቱ ታወጣዋለች፦ አባታቸው በቀይ ሽብር ጊዜ የሰፈሩን ልጆች ያስያዘ ጠቋሚ ነበር። አሁን ፊልም ላድርገው የሚል ሰው አገኘሁ። ጽሑፉን አንብቦ ሲመልስልኝ ገጽ 34 ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጣጣ እንዳያመጣብን ጠቋሚነቱ ቀርቶ ሰካራም ይሁን» ብሎበታል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ታናሽየዋ ውጭ አገር ትሂድ» ይላል፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ምስጢሩን ብቀይረው ተውኔቱ ያው ተውኔት ይሆናል? እንዲህ ተደርጎ የቆመ ሥራ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰፈርተኛው፦
ሰምና ወርቅ ለምን ተፈጠረ? ሰካራም አድርጊውና ወርቁን ተመልካች ይፈልገው።

የቀድሞ አዘጋጅ፦
ወንድሜ፣ ሰምና ወርቅ የሚያምረው ሰሙም ራሱን ችሎ ሲቆም ነው። አንቺ ልጄ፣ ሁለት ፊልሞች ፈልገሽ እዪ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሊሊያን ሄልማን በ1934 «የልጆች ሰዓት» የተባለ ተውኔቷን ኒው ዮርክ ላይ አሳየች። አንዲት ተማሪ፣ ሁለት ሴት አስተማሪዎቿ እርስ በርስ የፍቅር ግንኙነት አላቸው ብላ ለአያቷ ትዋሻለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጣሉ፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ኒው ዮርክ ላይ 691 ጊዜ ታየ፤ ቦስተን ከለከለችው። የሆሊውድ ፊልሞችን የሚመረምሩት ደንብ አስከባሪዎች ደግሞ ክሱ ብቻ ሳይሆን ርዕሱም እንዳይነሳ አሉ። ሄልማን ራሷ ቁጭ ብላ ለፊልም ጻፈችው፤ ውሸቱ «አንደኛዋ አስተማሪ ከጓደኛዋ እጮኛ ጋር ትማግጣለች» የሚል ሆነ። ዊሊያም ዋይለር በ1936 «እነዚህ ሦስቱ» ብሎ አወጣው። የሚገርመው፣ ፊልሙ ይሠራል! ተውኔቱ ስለ ውሸት ጉልበት ነው ትል ነበር ደራሲዋ፤ ውሸት ደግሞ ይዘቱ ቢለወጥም ቤት ያፈርሳል። የተጎዳው መጨረሻው ነው። መድረክ ላይ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ማርታ፣ ሐሜቱ ውሸት ቢሆንም ለጓደኛዋ ያላት ስሜት እውነት መሆኑ ሲገለጥላት ራሷን ትገድላለች። በፊልሙ ጓደኛዋና እጮኛዋ ቪየና ላይ ተገናኝተው ያልቃል። ዋይለር ጉዳዩን አልረሳውም፤ ደንቡ ሲላላ በ1961 በዋናው ርዕስ እንደገና ሠራው። በ1936ቱ ፊልም ማርታን የተጫወተችው ሚሪያም ሆፕኪንስ በዚህኛው የማርታ አክስት ሆና መጣች። ይህችን ነገር ሳስታውስ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የቴነሲ ዊሊያምስ «ምኞት የተባለው የከተማ ባቡር» ነው፤ ኤሊያ ካዛን በ1951 ፊልም አደረገው። በተውኔቱ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ብላንሽ ወጣት ባሏን ከሌላ ወንድ ጋር ታገኘዋለች፤ እንደምትጸየፈው ስትነግረው ራሱን ይገድላል። ፊልሙ ላይ ሌላው ወንድ የለም፤ ባልየው ደካማና አልቃሻ ብቻ ሆኗል። ብላንሽ በጸጸት ስትቃጠል እናያለን፣ የሚያቃጥላት ግን ተወስዷል። የእኅቷ ባል ብላንሽን አስገድዶ መድፈሩን ግን ካዛን አልለቀቀም። መስታወት ይሰነጠቃል፤ ወዲያው መንገድ ሲታጠብ፣ ውኃ ከጎማ ሲረጭ እናያለን። በቃ። ማንም አልተሳሳተውም።

ያንቺው ጣጣ የብላንሽን ይመስላል። አባትየው ያደረገው ነገር ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው። ሰካራም የሚበድለው የራሱን ቤት ነው፤ ጠቋሚ ግን ሰፈሩን። ለመሆኑ ቀይ እስክሪብቶው ድንኳኑን ነክቶታል? የሰካራም ለቅሶ እኮ ሰው አይጠፋበትም። እድሩም ይመጣል፣ ንፍሮውም ይቀቀላል።

ሰፈርተኛው፦
ተረትቻለሁ። ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ሰውዬው ነው።

መጋረጃ፦
ጋሼ፣ ድንኳኑ ገጽ 2 ላይ ነው፤ አጠገቡ አንድ ጭረት እንኳ የለም። ትናንት ማታ ገጽ 34ን እንደገና ጻፍሁት። ታላቂቱ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ልጇ ሄዶ ከቀረባት ጎረቤት ቤት የቡና ሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። ለቅሶ ቤት አጠገብ፣ በዚያ ሰዓት! ታላቂቱ አፏን መልሳ ትዘጋለች፤ እስኪያልቅ ሙቀጫውን ይሰማሉ። «ጠቋሚ» የሚለው ቃል የትም የለም፤ ሰካራምም አላልሁም። ታናሽየዋ ግን ውጭ አገር አትሄድም።