የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ሊግ ታሪክና የደሴና የኮምቦልቻ ውጥን

ጥያቄ፦ ከአንዲት የስፖርት መምህርት፣ ደሴ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

በደሴ ከተማ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ። በከተማችንና በኮምቦልቻ የሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን በመካከላችን ቋሚ የስፖርት ሊግ ስለማቋቋም መነጋገር ጀምረዋል፤ የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ እንዳዘጋጅም ለእኔ ተሰጥቶኛል። እስከ አሁን የምናውቀው በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ አካባቢ ለጥቂት ቀናት የሚካሄድ የዋንጫ ጨዋታ ነው። ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ ኮሚቴው ይበተናል፤ በዓመቱ ደግሞ ከደንቡ ጀምሮ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጻፋል።

ረቂቁን ከመጻፌ በፊት በሌላው ዓለም ረጅም ዕድሜ ያስቆጠሩ የግል ትምህርት ቤቶች ሊጎች እንዴት እንደተመሠረቱ፣ ለምን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውድድር ተለይተው እንደቆሙና ምን እንዳጸናቸው መረዳት እፈልጋለሁ። በአገራችንስ እንዲህ ያለ የቆየ ሊግ ያልኖረን ለምንድን ነው? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ከአንድ የስፖርት ታሪክ አንባቢ

ውድ መምህርት፣ በጉዳዩ ላይ አስቀድሞ ሊጠና የሚገባው በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማና አካባቢዋ የሚገኘው ኢንተር አካዳሚክ ሊግ ይመስለኛል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ በአሜሪካ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊጎችም በዕድሜ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። ዘመኑን ከእኛ ታሪክ ጋር ለማስተያየት ያህል፣ በዚያን ጊዜ የደሴው ንጉሥ ሚካኤል ገና ራስ ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ከሊጉ እጅግ የቆዩ ናቸው፤ ፔን ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1689፣ ጀርመንታውን አካዳሚ በ1759፣ ኤፒስኮፓል አካዳሚ ደግሞ በ1785 የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ከአባላቱ መካከል ሀቨርፎርድና ማልቨርን የተባሉትም ይገኛሉ።

በጣም ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሊጉ ከመመሥረቱ በፊት ግጥሚያው መኖሩ ነው። ፔን ቻርተርና ጀርመንታውን አካዳሚ በአሜሪካ ፉትቦል መጋጠም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1886፣ ማለትም ከሊጉ አንድ ዓመት ቀድመው ሲሆን፣ ይህ ዓመታዊ ግጥሚያ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ጀርመንታውን አካዳሚ በ1960ዎቹ ስሙን ካገኘበት ሰፈር ወጥቶ ከከተማዋ ውጭ ወዳለ ስፍራ ሲዛወር እንኳ ቀጠሮው አልፈረሰም። ዛሬ ያ ቀን የፉትቦል ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የወንዶችና የሴቶች ቡድኖች በልዩ ልዩ ስፖርቶች የሚገናኙበት ዕለት ሆኗል። በኤፒስኮፓልና በሀቨርፎርድ መካከልም ተመሳሳይ ቀን አለ፤ በዕለቱ ብልጫ ያገኘው ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደው ሽልማት አንድ ሹራብ ነው። ይህን የማነሣው እኛ ዘንድ የውድድር እቅድ ሁልጊዜ ከዋንጫና ከስፖንሰር ፍለጋ ስለሚጀምር ነው። ቀኑ የታወቀና የማይዛነፍ ከሆነ ተማሪው ሽልማቱን ራሱ ያከብረዋል።

ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለምን ተለዩ ላሉት፣ መልሱ እንደየግዛቱ ይለያያል። በፊላደልፊያ የግሎቹ ሊግ ሲመሠረት የሚቀላቀሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሊግ ገና አልነበረም፤ እርሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በ1920 የራሳቸውን ሊግ አቆሙ። የፔንሲልቬንያን ግዛት በሙሉ የሚያወዳድረው ማኅበር በ1913 ቢመሠረትም፣ የግል ትምህርት ቤቶች እንዲገቡበት በሕግ የተፈቀደው በ1972 ነበር። የካቶሊኩ ሊግ በ2008 ወደዚህ ማኅበር ሲገባ ኢንተር አካዳሚክ ግን በራሱ መቆምን መርጧል። በቴክሳስም የመንግሥቶቹ ማኅበር በ1910 ሲመሠረት የግልና የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የጋራ ማኅበር ግን የተቋቋመው ዘግይቶ በ1978 ነው። ስለዚህ መለየቱ ሁልጊዜ ከኩራት የመጣ አይደለም፤ አንዳንዱ በር ስለተዘጋበት፣ አንዳንዱም በሩ ሳይሠራ ቀድሞ ስለተገኘ ነው።

መልስ 2፦ ከአንድ ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ

ልጄ፣ ስለ አገራችን የጠየቅሽውን ልመልስ። ሊግ የሚቆመው በቅርብ ርቀት የሚገኙ እኩዮች ሲኖሩ ነው። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክና ተፈሪ መኮንንን የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ስለነበሩ የትምህርት ቤት ስፖርት መሠረት ይዞ አድጓል፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ክቡር ይድነቃቸው ተሰማም የተፈሪ መኮንን ተማሪ ነበሩ። በእኛ አካባቢ ግን በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ወይዘሮ ስህን ለረጅም ዘመን የወሎ ዋነኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ለእርሱ የሚመጥን እኩያ በእግር መንገድ ርቀት ላይ አልነበረውም።

ሁለተኛው ምክንያት የግል ትምህርት ቤቶች ታሪክ ራሱ መቋረጡ ነው። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ተወርሰው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሆኑ። እንደገና የተስፋፉት ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ የምናያቸው የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ከአያት ወደ ልጅ የወረደ የግጥሚያ ቀን ሊኖራቸው አይችልም ነበር። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ በጠባብ ቦታ ላይ የተሠሩ ሕንፃዎች ስለሆኑ ሜዳ የላቸውም። እንግዲህ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ከከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋር ስምምነት ሳይኖር ሊጉን ማሰብ አይቻልም፤ በእኔ እምነት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በክብር እንግድነት ሳይሆን በሙሉ አባልነት ቢገቡ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ጦርነት በከተሞቻችን ስንት የትምህርት ቤት መዝገብ እንደጠፋ የምናውቅ ሰዎች ነን። ውጤቱን፣ የተጫዋቾቹን ዝርዝርና ቃለ ጉባኤውን ቢያንስ በሁለቱም ከተሞች በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ያ የፊላደልፊያ ሊግ ዛሬ ታሪክ ያለው ውጤቱን የሚጽፍ ሰው ስላልጠፋ ነው።

መልስ 3፦ ከአንድ አሠልጣኝ፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሙሉ አባል ይሁኑ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት አባላቱ ጥቂት ሆነው ደንቡ ቢፈተን እመርጣለሁ። በተማሪ ብዛት እጅግ የሚለያዩ ትምህርት ቤቶች በአንድ ምድብ ሲገቡ አነስተኛው በሦስተኛው ጨዋታ ተስፋ ቆርጦ በፎርፌ ይወጣል። ሜዳውን ስለመጋራት ግን ፍጹም እስማማለሁ።

መምህርት፣ ረቂቁን ሲጽፉ ከሁሉ በፊት የተጫዋች ተገቢነትን ያስቀድሙ። የትምህርት ቤት ውድድር የሚፈርሰው በገንዘብ እጦት ሳይሆን በተገቢነት ክስ ነው። በክለብ የሚጫወት ጎልማሳ ወር ሲቀረው ተመዝግቦ ሲሰለፍ፣ ወይም ጥሩ ተጫዋች በነጻ ትምህርት ዕድል ስም ከሌላው ትምህርት ቤት ሲወሰድ በርካታ ጊዜ ተመልክተናል። የግል ትምህርት ቤት የተማሪን ክፍያ የመቀነስ ወይም የማስቀረት ሥልጣን በእጁ ስላለ ፈተናው በእኛ ላይ ይበረታል። ስለዚህ የዕድሜ ጣሪያው፣ ተማሪው በትምህርት ቤቱ የቆየበት ዝቅተኛ ጊዜ፣ የተዛወረ ተማሪ ከመሰለፉ በፊት የሚጠብቀው ወቅትና ክፍያ የሚቀነስለት በምን መመዘኛ እንደሆነ ውድድሩ ሳይጀመር ተጽፎ፣ ሁሉም ርእሳነ መምህራን ፈርመውበት፣ የስም ዝርዝሩም በማኅተም ተረጋግጦ ለሁሉም ይዳረስ። ክስ የሚያየው አካልም ጉዳዩ የማይመለከታቸው ትምህርት ቤቶች ተወካዮች ይሁኑ።

ጨዋታው ደርሶ መልስ መሆን አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከታች የሄዱ ልጆቻችን በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ የደሴዎቹም ወደ እኛ ሲወርዱ ሙቀቱ ያዝላቸዋል። አንድ ከተማ ላይ ብቻ የሚደረግ ውድድር ለአንዱ ወገን ያደላል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ ጭጋግና ጠመዝማዛ ስላለበት ጨዋታው ጠዋት ተጀምሮ ልጆቹ ገና ብርሃን ሳለ እንዲመለሱ ይደረግ። ቀኑን በተመለከተ ዓርብ የጁምዓ ሶላት፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ስላለ ቅዳሜ ሁሉንም ያስማማል፤ በረመዳንና በዐቢይ ጾም ወራት ግን ረጅም ሩጫ የሚጠይቁ ውድድሮች ባይያዙ ይመረጣል። ክረምቱ ከመግባቱና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ከመቀመጣቸው በፊት ሁሉም እንዲያልቅ ከኅዳር ጀምሮ ማከፋፈል ይቻላል።

ከጠያቂዋ

ጋሼና ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቅድሚያ የአንድ የደሴና የአንድ የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ቋሚ የግጥሚያ ቀን እንዲያዝ፣ ሊጉም በዚያ ዙሪያ እንዲያድግ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ከርእሳነ መምህራኑ አንዳንዶቹ የሴቶች ውድድር ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ይምጣ ይላሉ።

መልስ 1 የሰጠው ተሳታፊ

በዚህ ላይ አይለሳለሱ። በፊላደልፊያው ሊግ ከነበሩት የወንዶች ትምህርት ቤቶች ኤፒስኮፓል ሴቶችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ፔን ቻርተር ደግሞ በ1980 ነው፤ ከዚያ በፊት ሴት ተማሪ ስላልነበራቸው ውድድሩ የወንዶች ብቻ መሆኑ ምክንያት ነበረው። የእናንተ ትምህርት ቤቶች ግን ከመጀመሪያውም ወንድና ሴት አብረው የሚማሩባቸው ስለሆኑ ያ ምክንያት እዚህ የለም። በረቂቁ ላይ በእግር ኳስ፣ በመረብ ኳስና በአትሌቲክስ የሴት ቡድን የማያስመዘግብ ትምህርት ቤት የወንድ ቡድኑም አይመዘገብም የሚል አንቀጽ ያስገቡ፤ የሴቶቹ ጨዋታም በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው የዳኛ ክፍያ ይሁን።