እናቴን በነሐሴ ቤኒዶርም ይዣት ልሂድ?

የፍራንክፈርቷ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ዘንድ ናት። ከጣና በቀር ሰፊ ውሃ አይታ አታውቅም፤ ሳትመለስ ባሕር ላሳያት ቆርጫለሁ። የዓመት ዕረፍቴ የፈረንጆቹ ኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በዋጋም በአየርም ስፔን ቤኒዶርም ይሻላል አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ደግሞ ሰክረው መንገድ ላይ የሚጮኹ ወጣቶች ከተማ ነው የሚል በዛብኝና ፈራሁ።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ አትወጣም። ያ ሳምንት ፍልሰታ ስለሆነ ጾመኛ ናት፤ ዓሣም አትነካም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። ነጠላዋን ለብሳ በሰላም የምትቀመጥበት ቦታ ነው ወይ? የት ሰፈር ልያዝ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ከፖንየንቴ፦

እህቴ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም ገቡልሽ። እኔ የቤኒዶርም ነዋሪ ነኝ፤ እንጀራዬም ሆቴል ውስጥ ክፍል ማዘጋጀት ነው። ይዘሻቸው ነይ፤ ነገር ግን ሰፈር ምረጪ።

ያነበብሽው ጩኸት ውሸት አይደለም፤ ይሁንና የሚገኘው በአንድ ማዕዘን ነው። ሪንኮን ደ ሎይክስ ይባላል፤ በሌቫንቴ ባሕር ዳርቻ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው ሰፈር ነው። የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች የተደረደሩት እዚያ ነው። ሆቴል ስትይዢ አድራሻውን በካርታ ላይ ተመልከቺ፤ ዋጋው ረከሰ ተብሎ እናትን ይዞ እዚያ አይታደርም።

ከተማዋ ሁለት ትላልቅ የአሸዋ ዳርቻዎች አሏት። ሌቫንቴ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ፖንየንቴ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። በመካከላቸው ወደ ባሕር የገባ ቋጥኝ አለ፤ አሮጌው ከተማና ሰማያዊ ጉልላት ያለው የቅዱስ ያዕቆብና የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ያሉት እዚያ ላይ ነው። አንቺ ፖንየንቴን ያዢ፤ በተለይ ፓርኬ ደ ኤልቼ ከሚባለው ዘንባባ ከተተከለበት አደባባይ አጠገብ። አርክቴክቱ ካርሎስ ፌራቴር የነደፈው፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀ የባሕር ዳር መንገድ ከዚያ ይጀምራል። ነጭ ሲሚንቶው እንደ ማዕበል ይታጠፋል፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሸክላ በየጥቂት እርምጃው ቀለሙን ይቀይራል። እናትሽን የሚጠቅማቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ ደረጃ ባለበትም ተዳፋት መውረጃ ታገኛላችሁ።

ፎቆቹን በፎቶ አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። ኢንቴምፖ የሚባለው ብቻውን 47 ፎቅ ነው። ይህ የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። በ1950ዎቹ ከንቲባ የነበሩት ፔድሮ ሳራጎሳ በ1956 የከተማውን ፕላን አወጡ፤ ከጊዜ በኋላም ሕንጻው ወደ ላይ እየረዘመ በዙሪያው ክፍት መሬት የሚተውበት አሠራር ተያዘ። ብዙ ሰው ባሕሩ አጠገብ ሊያድር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ በአሳንሰር ወርደሽ መንገድ ተሻግረሽ አሸዋው ላይ ነሽ።

ደግሞ ይህች ከተማ አረጋውያንን ታውቃለች። ከመኸር እስከ ጸደይ ሆቴሎቻችንን የሚሞሉት የስፔን ጡረተኞች ናቸው፤ ኢምሰርሶ የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ወጪያቸውን እየደጎመ ይልካቸዋል። ሲመሽ እናቶች ማራገቢያቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር ተደርድረው ይጨዋወታሉ። እናትሽ ነጠላቸውን ለብሰው መካከላቸው ቢቀመጡ ማንም ክፉ ዐይን አያይባቸውም፤ እንዲያውም ጥለቱን እየነኩ ይጠይቋቸዋል።

ባሕር የምታወርጃቸው በጠዋት ይሁን፤ በእኛ አቆጣጠር ከአራት ሰዓት በፊት። እኩለ ቀን ላይ ጥላ የምትተክይበት ቦታ አታገኚም፤ ወበቁም ይከብዳል። ባንዲራውን ማየት አትርሺ፤ አረንጓዴ ከሆነ ግቡ፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ከሆነ እግር እንኳ አታስነክሩ። በበጋ ወራት መራመድ ለሚቸግራቸው የተዘጋጀ ቦታ በሁለቱም ዳርቻ አለ። እስከ ውሃው ድረስ መሄጃ ንጣፍ ተዘርግቷል፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ወንበር አለ፣ የሚያግዙ ሠራተኞችም አሉ። አትፈሪ፣ ጠይቂያቸው። አንዲት ሽማግሌ ሴት በዚያ ወንበር ሆነው ውሃው ደረታቸውን ሲነካቸው የሳቁትን ሳቅ አይቻለሁ።

ከፖንየንቴ ሆናችሁ ወደ ኋላ ስትዞሩ ፑይግ ካምፓና የሚባል ከ1,400 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ታያላችሁ፤ ጫፉ አጠገብ በሰይፍ የተቆረጠ የሚመስል አራት ማዕዘን ክፍተት አለው። ፊት ለፊታችሁ ባሕሩ መካከል ደግሞ ትንሽ ደሴት አለች። የአገሩ ሰዎች ሲተርኩ፣ ሮልዳን የተባለ ግዙፍ ሰው የሚወዳት ሴት የዕለቷ የመጨረሻ ጨረር ስትጠልቅ እንደምትሞት ተነገረው፤ ፀሐይ ትንሽ እንድትቆይላት ተራራውን ቆርጦ ጨረሯን አሳለፈላት፤ የወደቀውም ቁራጭ ደሴት ሆነ ይላሉ። ይህን ለእናትሽ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ተርኪላቸው። ወደ ደሴቷ ጀልባ ከወደቡ ይነሣል።

የቫሌንሲያው፦

እህቴ፣ ከላይ የጻፈችውን እህታችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እናትን ያህል ሰው ወደ ሲሚንቶ ጫካ መውሰድ አይታየኝም። ትንሽ ራቅ ብላችሁ አልቴያ ሂዱ። ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ጸጥታ። ወይም ላ ቪላ ኾዮሳ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ቤቶች በየቀለሙ ተቀብተው ባሕሩ ላይ ተደርድረዋል። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በጸጥታ ሊያየው ይገባል።

ከፖንየንቴ፦

ወንድሜ፣ አልቴያ ውብ ናት፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ያ ሰማያዊ ጉልላት ያለው ኮረብታ አናት ላይ ነው፤ መውጫው ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገትና ደረጃ ነው። ዳርቻዋም ጠጠር ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሴት ጠጠር ላይ አቁመን ባሕር እዩ ልንላቸው ነው?

እህቴ፣ ቤኒዶርም እደሩ፤ አልቴያን ለአንድ አመሻሽ ጎብኟት፤ እስከ ላይኛው አደባባይ በታክሲ ውጡ። ወደ ዴንያ የሚሄደው ትራም፣ መስመር 9፣ አልቴያ ይቆማል። ላ ቪላ ኾዮሳ ደግሞ ወደ አሊካንቴ በሚሄደው መስመር 1 ላይ ናት፤ ወንድማችን ስለ ቤቶቹ ቀለም ያለው እውነት ነው፣ ሂዱ። የቤኒዶርም የትራም ጣቢያ ከባሕሩ ርቆ ላይኛው ከተማ ስለሆነ እስከዚያ በእግር አታስኬጃቸው። ከአሊካንቴ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመጡ ትራሙን ተዉት፤ በቀጥታ ቤኒዶርም የሚያደርስ አውቶቡስ አለ፤ ከአንድ ሰዓት በታች ይፈጃል።

የፍራንክፈርቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልቤን አሳረፋችሁት። ስለ ጾሙስ? እናቴ ዳቦ ብቻ እየበላች ሳምንቱን እንድትገፋ አልፈልግም። ቪዛዋም የጀርመን መሆኑ ያስቸግራል ወይ?

ሰነድ አዋቂ፦

ቪዛው ሸንገን እስከሆነና ቀኑ እስካላለፈ ድረስ ስፔን መግባት ትችላለች። አንድ ጊዜ መግቢያ ቢሆንም ከጀርመን ወደ ስፔን መሄድ እንደ አዲስ መግባት አይቆጠርም። ፓስፖርቷንና የጉዞ ኢንሹራንሷን ይዛ ትሂድ፤ የስፔን ሆቴል እንግዳ ሲመዘግብ ፓስፖርት የመጠየቅ ግዴታ አለበት። በረራው ግን በለንደን በኩል እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ እንግሊዝ ከሸንገን ውጪ ናት።

ከፖንየንቴ፦

ስለ ምግቡ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። እዚህ አገር ምሳ የሚበላው በእኛ አቆጣጠር ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ነው። እናትሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲፈቱ የምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ገና ትኩስ ነው። ጀርመን አገር በዚያ ሰዓት ትኩስ ምግብ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንቺ ታውቂዋለሽ።

የጾም ምግብ ስትፈልጊ «ቬጌታርያኖ» አትበይ፤ እንቁላልና አይብ ያመጡልሻል። «ቬጋኖ» በይ። «ቬኼታል» የሚባለው ሳንድዊች ስሙ አታልሎሽ እንዳታዝዢላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ቱናና እንቁላል አለበት። «ኤንሳላዳ ሚክስታ» የሚባለው ሰላጣም እንደዚያው ነው፤ «ሲን አቱን፣ ሲን ዌቮ» (ያለ ቱና፣ ያለ እንቁላል) ብለሽ እዘዢ። ምስር ወጣቸው ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ይገባበታል፤ ሩዛቸው ደግሞ በዓሣ መረቅ ሊቀቀል ስለሚችል ሳትጠይቂ አትቅረቢው። ያለ ሥጋት የሚበላው፦ የተፈጨ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይትና ጨው የፈሰሰበት የተጠበሰ ዳቦ፤ ስፒናች በሽንብራ፤ በፍም የተጠበሰ አትክልት። ጋስፓቾ የሚሉት ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባም ለወበቁ መድኃኒት ነው።

ከሁሉ በላይ ኦርቻታ አጠጫቸው። ቹፋ የሚባል ከአፈር ሥር የሚወጣ ጥቃቅን ፍሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ፣ በስኳር የሚጠጣ ነው፤ የወተት ጠብታ የለበትም። እናትሽ አንዴ ከቀመሱት የእኛ የሱፍ ውሃ ዘመድ ነው ይላሉ። ለስጦታ ደግሞ የሂሆና ቱሮን የሚባለውን የአልሞንድና የማር ጣፋጭ ግዢ፤ እንቁላል ነጭ ስላለበት ጾሙ ሲፈታ ይበላል።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፤ የምትመጡበት ሳምንት እናትሽን በጣም የሚያስደስታቸው ነገር አለውና። ከአሊካንቴ ቀጥላ ኤልቼ የምትባል ከተማ አለች። በቅድስት ማርያም ባሲሊካዋ ውስጥ ኦገስት 14 እና 15 የእመቤታችን ዕረፍትና ፍልሰት በዜማ ይቀርባል። ሚስቴሪ ዴልች ይባላል፤ ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የመጣ ሲሆን ዩኔስኮ በ2001 ቅርስ ብሎ አውጆታል። ዘማሪዎቹ በሙሉ ወንዶች ናቸው፤ የእመቤታችንን ድርሻ የሚዘምረው ሕፃን ልጅ ነው። ጉልላቱ ሰማይ በተሳለበት ሸራ ይሸፈናል፤ ከዚያ ላይ በር ይከፈትና ትልቅ ክብ ነገር በገመድ ይወርዳል። አየር ላይ እንዳለ ቅጠሎቹ ይዘረጋሉ፤ ውስጡ መልአክ አለ፤ ዘንባባ ይዞ ለእመቤታችን ይሰጣታል። ሲወርድ ወርቃማ ብናኝ በሕዝቡ ራስ ላይ ይረግፋል።

በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሐዋርያው ቶማስ ዘግይቶ ይደርሳል። ህንድ አገር ሆኜ ነው የዘገየሁት ብሎ ይቅርታ ይለምናታል። እናትሽ ይህን ሲሰሙ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። ቶማስ ከህንድ በደመና ሲመለስ ስታርግ አግኝቷት ሰበኗን እንደተቀበለ በእኛም ቤተ ክርስቲያን በፍልሰታ ይነገራል። የሚዘምሩበትን ቋንቋ አንድም ቃል ሳያውቁ እያንዳንዱን ነገር ይከተሉታል። ለመቁረብ አይደለም፤ ለማየትና ለመስማት ነው።

በ14 እና በ15 መግቢያው ነጻ ነው፤ ሕዝቡ ግን በጣም ስለሚጨናነቅ ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም። ኦገስት 11፣ 12 እና 13 በትኬት የሚታዩ ሙሉ ልምምዶች አሉ፤ መቀመጫ የምታገኙት በእነዚህ ነው። ትኬቱን ቀደም ብለሽ ግዢ፤ ቶሎ ያልቃል። በ13ኛው ሌሊት ከተማው በሙሉ ርችት ስለሚተኩስ 11 ወይም 12 ምረጪ። ከቤኒዶርም በትራም አሊካንቴ ሉሴሮስ ወርዳችሁ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ሙርስያ የሚሄደውን ያዙና ኤልቼ ፓርኬ ላይ ውረዱ፤ ባሲሊካው ከዚያ ቅርብ ነው። ሲያልቅ ስለሚመሽ ያን ሌሊት እዚያው ኤልቼ ማደር ይሻላል። ቀኑን ስትቆርጪ ጻፊልኝ፤ ዕረፍት ከሆንኩ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።