አዲስ የንብ መንጋ እየሳሳ ነው፣ የሰም እንጀራውም ጠሟል

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። የሽግግር ቀፎ (ንቦቹ እንጀራቸውን ከላይ በተደረደሩ እንጨቶች ላይ አንጠልጥለው የሚሠሩበት) ውስጥ የገባው መንጋ ሦስተኛ ሳምንቱን ሊደፍን ነው። እንጀራውን አጣመው ሁለት ሁለቱን የላይ እንጨት አያይዘውታል፤ ንቡም ከገባበት ቀን ያነሰ ይመስላል። የእንጨቶቹ ስፋት 4 ሳ.ሜ. ነው። ምን ይሻላል? ስኳርስ ልስጥ?

አናጺው፦
ያጣመመው ስፋቱ ነው። ለአፍሪካ ንብ 32፣ ለአውሮፓ 35 ሚ.ሜ. ነው ልኩ። እንጨቱ ከዚያ ሲሰፋ ንቦቹ የራሳቸውን ርቀት ይዘው ስለሚቀጥሉ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ሳይደርሱ ከመስመር ይወጣሉ። ገና ያልተሠራባቸውን እንጨቶች በልኩ ይላጉ፤ ሆዳቸው መሃል ላይ የቀለጠ ሰም በቀጭኑ ያስምሩ። ቀፎው ወደ ጎን እንዳላዘነበለም በውሃ ልክ ይዩት።

የጠመመውን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ያቅኑ። በቀትር አዲስ ሰም እንደ ሊጥ ነው፣ እጅ ላይ ይቀራል። የተሻገረውን ጫፍ ብቻ ቆርጠው ወደ መስመሩ ይግፉት። ተገንጥሎ የወጣ ካለ ላዩን ወደ ላይ እንዳደረጉ በጥጥ ክር ከእንጨቱ ጋር ጠፍንገው ይመልሱት፤ ንቦቹ ካጣበቁት በኋላ ክሩን ራሳቸው ቦጭቀው ያወጡታል።

ጭስና ሰም፦
መቀነሱ ብቻውን አያስደነግጥም። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያ አሮጌዎቹ ያልቃሉ፣ ተተኪ የለም። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው የእንጀራውን ቀዳዳዎች ወለል ይዩ። እንቁላል ካለ መታገሥ ነው። ከሌለ ከጠንካራ ቀፎ እንቁላል ያለበት አንድ እንጀራ ይስጡ፤ አውራዋ (እንቁላል ጣይዋ ንግሥት) አብራ እንዳትመጣ ንቦቹን ያራግፉ። የአውራ ቤት መሥራት ከጀመሩ አውራ የላቸውም ማለት ነው። ከአንድ በላይ አይስጡ፣ ንቡ ሸፍኖ ያላሞቀው እጭ ይሞታል።

ስኳር፦ 1 ኪሎ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ይሟሟ፣ ከእሳት ወርዶ። ያረረ ስኳር ይጎዳቸዋል። ግማሽ ሊትር ማታ ማታ፣ ቀፎው ውስጥ፣ እንዳይሰምጡ ስንጥር እንጨት ተንሳፎበት። መግቢያውን ወደ 2 ሳ.ሜ. ያጥብቡ፣ አለዚያ ዘራፊ ንብ ይመጣባቸዋል። ምንጩ ያልታወቀ ማር ግን በፍጹም፤ የእጭ በሽታ በማር ይተላለፋል።

ቀሳሚ፦
ስኳሩ ላይ አልስማማም። አበባ ካለና ከእጩ በላይ ማር ከታየ አያስፈልግም፤ ሽሮፑ ቀዳዳውን ሞልቶ አውራዋን እንቁላል መጣያ ያሳጣታል። ይልቅ በመከፋፈያ ጣውላ ቦታውን ያጥብቡላቸው፤ ከተሠራው አልፎ ሁለት ባዶ እንጨት ይበቃል።

ጠያቂ፦
አየሁ፣ እንቁላል አለ። አንዳንዱ ቀዳዳ ግን ሁለት አለው።

ጭስና ሰም፦
ወለሉ ላይ ከሆነ መጣል የጀመረች አዲስ አውራ ታደርገዋለች፣ ይስተካከላል። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሦስት አራት ከሆነ ግን የጣሉት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚወጣውም ድንጉላ (ወንድ ንብ) ብቻ ነው።