እናቴን ራቁቷን የሚያሳይ ማሽን አለ ወይ?

የሄርማታ ልጅ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። እናቴ አሜሪካ እህቴን ልታርስ ልትሄድ ነው። ጎረቤታችን ቡና ላይ «ኤርፖርት ልብስሽን አልፎ ራቁትሽን የሚያይ ማሽን አለ» ብላት ይኸው ሶስት ቀን እንቅልፍ የለም። ሒጃብ ለባሽ ናት። እምቢ ማለት ትችላለች?

ቡና ሶስተኛ፦ ያረጀ ወሬ ነው ግን ውሸት አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 በዲትሮይቱ በረራ አንዱ ፈንጂ በውስጥ ሱሪው ደብቆ ከተያዘ በኋላ ማሽኖቹ በዙ፣ በኤክስሬይ የሚሰሩት ደግሞ ገላን ቁልጭ አድርገው ያሳዩ ስለነበር ሰው ጮኸ፣ 2013 ላይ ከአሜሪካ ኤርፖርቶች ተነሱ። አሁን ያለው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ስክሪኑ ላይ ለሁሉም ሰው ያው አንድ የካርቱን ስዕል ነው የሚወጣው።

እሙ፦ እኔ እጄን ወደ ላይ አድርጌ ቆሜ ስክሪኑ ላይ ሹሩባዬ ጋ ቢጫ ሳጥን ወጣብኝ 😂 ሴትዮዋ ፀጉሬን ዳበስ አድርጋ ለቀቀችኝ። እምቢ ካሉ በእጅ ይፈተሻሉ፣ ፈታሿ ሴት ናት፣ ለብቻ ክፍል መጠየቅም ይቻላል። ብቻ መቀነታቸው ላይ የቋጠሩት ነገር ካለ ቀድመው ይፍቱት!

ዝም አልልም፦ ካርቱን ነው ስለተባለ ብቻ ሰው ማመን አለበት? የድሮውም ጊዜ «አታስቡ» ተብሎ ነበር እኮ።

የሄርማታ ልጅ፦ አነበብኩላት። «ሴት ከሆነች በእጇ ትፈትሸኝ» ብላለች። መቀነቱን ግን አልፈታም አለች።