በዲስቲልድ ውሃ የሚሠራው የመዳብ ፖሊመር ሴንሰር በጉድጓድ ውሃ ለምን ይሰንፋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መዳብ ለመለካት ካርቦክሲሌት (ኔጌቲቭ የሆነ የአሲድ ቡድን) ያለው ፖሊታዮፊን የተባለ ብርሃን የሚያፈልቅ ፖሊመር እየተጠቀምኩ ነው፤ በ420 ናኖሜትር እያበራሁ የሚያፈልቀውን ብርሃን በ550 አነባለሁ። በዲስቲልድ ውሃ፣ 5 ሚሊሞላር ሄፔስ (ፒኤችን የሚያረጋ ባፈር) ፒኤች 7.2 ላይ፣ 20 ማይክሮሞላር መዳብ ብርሃኑን በ70 በመቶ ይቀንሰዋል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ግን 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። መዳብ ሳይገባም የብርሃኑ መነሻ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። ፖሊመሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1፦
ፖሊመሩ ደህና ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ 5 ሚሊሞላር ባፈር አይችለውም። ናሙናውና ባፈሩ ከተቀላቀሉ በኋላ ፒኤቹን ለካ፣ ወደ 8 ተጠግቶ ታገኘዋለህ። እዚያ ላይ መዳቡን ካርቦኔትና ሃይድሮክሳይድ ስለሚይዙት ለፖሊመሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

50 ሚሊሊትር ናሙና በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፍ። ናይትሪክ አሲድ ጠብ ጠብ እያደረግክ ከፒኤች 3 በታች አውርደው፣ ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዲወጣ ናይትሮጅን ለ15 ደቂቃ አንፋበት። 20 ሚሊሞላር እንዲሆን ሜስ ባፈር ጨምረህ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 6.5 መልሰው። ፖሊመሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ በአሲድ ውስጥ ካርቦክሲሌቱ ፕሮቶን ይይዝና ይጓጉላል።

መልስ 2፦
የመነሻው መውረድ ሌላ ጉዳይ ነው። ፖሊመር ያልገባበትን ናሙና በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የመለኪያ ብልቃጥ) በ420 አብዞርባንሱን፣ ማለትም ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ፣ እየው። ከ0.1 ካለፈ ውሃው ራሱ ብርሃኑን እየዋጠው ነው። ካላለፈ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰንሰለቶቹን እያስተሳሰሩ ነው። ለሁለቱም 5 እጥፍ ማቅጠን ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 2 ሚሊግራም በሊትር 31 ማይክሮሞላር ያህል ስለሆነ፣ ቀጥኖም 6 ማይክሮሞላር ያህል ይቀርሃል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ኢዲቲኤ (የብረት አዮኖችን የሚይዝ ኬሚካል) ስጨምር ብርሃኑ ተመለሰ። መዳብ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው?

መልስ 3፦
አይደለም ወንድሜ፤ ኢዲቲኤ ካልሲየሙንም ይለቅማል። በምትኩ ትራይኤቲሊንቴትራሚን 100 ማይክሮሞላር ሞክር፤ መዳብን አጥብቆ ይይዛል፣ ካልሲየምን አይነካም። ፖሊመሩ ኔጌቲቭ፣ እሱ ደግሞ በዚህ ፒኤች ፖዘቲቭ ስለሆነ መዳብ በሌለበት ባፈር ውስጥም ፈትነው፤ እዚያም ብርሃኑ ከተለወጠ መጠኑን ቀንስ።

ስታንዳርድህንም (መጠኑ የታወቀውን የመዳብ መፍትሔ) ልብ በል። የተሠራው በ2 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ከሆነ፣ አሲዱ 0.3 ሞላር ገደማ ነው፤ 100 ማይክሮሊትሩ በ2 ሚሊሊትር ላይ ሲገባ 15 ሚሊሞላር አሲድ ይሆንና ባፈሩን ያሸንፈዋል። ጭማሪህ ከ10 ማይክሮሊትር አይለፍ።