ጉራን ከዓድዋ ጋር እንዴት ላወዳድር? ጨነቀኝ

ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አግዙኝ። ለታሪክ ትምህርት ሁለት ጦርነቶችን አወዳድሬ የትኛው የበለጠ ለውጥ እንዳመጣ መጻፍ አለብኝ። ጉራንና ዓድዋን መረጥኩ። አሁን በምርጫዬ እየተጸጸትኩ ነው።

የዓድዋው ቀላል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ጣሊያን ተሸነፈ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሰረዘ፣ ነፃነታችንም ታወቀ።

ያስቸገረኝ የጉራው ነው። በ1868 አፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር መጀመሪያ ጉንደት፣ ቀጥሎ ጉራ ላይ ድባቅ መቱት። ግን ግብፅ ምጽዋን አልለቀቀችም። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር የተዋዋለችው የሂወት ውል (በእንግሊዙ መልእክተኛ ስም የሚጠራው) እስኪፈረም 8 ዓመት ፈጀ። ውሉ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ጣሊያን መጥቶ ምጽዋ ላይ ቁጭ አለ! ታዲያ ድሉ ምን አተረፈ ልበል? ደግሞ ጉራ ላይ ብንሸነፍ ኖሮ፣ ዓድዋ የሚባል ነገር ይኖር ነበር ወይ? እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል።

የጦርነት ክብደት የሚለካው ባመጣው ለውጥ ነው ወይስ ባስቀረው ጥፋት? ያልሆነን ነገርስ በምን ማስረጃ ይከራከሩበታል? አባቴን ብጠይቀው «ዓድዋን ከምን ጋር ነው የምታወዳድረው!» ብሎ ተቆጣኝ። ማስረከቢያው ሰኞ ነው።