ጌም ከመለቀቁ በፊት ለማስተዋወቅ የትኛው ይሻላል? ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ጥቆማ

በገላን የሚኖር አንድ ታናሽ ወንድማችን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሠራውን የስልክ ጌም በመጪው ክረምት ሊለቅ እንዳሰበ ገልጾ፣ ለማስተዋወቂያ ያጠራቀሙትን ጥቂት ብር ለየትኛው አገልግሎት ቢያውሉት እንደሚሻል ጠይቋል። እኔና እህቴም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጠን፣ ተጫዋቹ የታክሲ ረዳት ሆኖ «ሳሪስ፣ ሳሪስ» እያለ ተሳፋሪ የሚሞላበት ጌም ስንሠራ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ አልፈናልና፣ የሞከርነውን እያነጻጸርኩ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ መወሰን ያለበት ጌሙን የወደደው ሰው የት ገብቶ እንደሚመዘገብ ነው። ቪዲዮውን ብዙ ሰው ቢያየው እንኳ የሚመዘገብበት ገጽ ከሌለ፣ ጌሙ በሚወጣበት ቀን ያንን ሰው መልሶ ማግኘት አይቻልም። ለስልክ ጌም ጎግል ፕሌይን እመርጣለሁ፤ የአልሚነት (የጌም ሠሪነት) መመዝገቢያው 25 ዶላር ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው፣ በቅድመ ምዝገባ ገጹ ለተመዘገቡትም ጌሙ ሲወጣ ማሳወቂያ ይደርሳቸዋል። ይሁን እንጂ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በግለሰብ ስም የተከፈተ አካውንት፣ ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራው፣ ማለትም ጌሙ ለተጋበዙ ሰዎች ብቻ በሚቀርብበት ሙከራ ውስጥ ሳይቆዩለት ቅድመ ምዝገባውን መክፈት አይችልም። ቅድመ ምዝገባው ከተከፈተ በኋላም ጌሙ በ90 ቀናት ውስጥ መለቀቅ ስላለበት፣ ቅደም ተከተሉን ያላወቀ ሰው ክረምቱ ያልፍበታል። እኛ 12ቱን ሰዎች ያገኘናቸው ከብሎካችን ጎረቤቶችና ከእህቴ የክፍል ጓደኞች ነው፤ ሁለቱ መሃል ላይ ከሙከራው በመውጣታቸው ቆጠራው ስለተስተጓጎለብን፣ እናንተ ከመጀመሪያው 16 ወይም 17 ሰው አስገቡ።

ጌሙ የኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌሞች መሸጫ ይሻላል። ክፍያው ለአንድ ጌም 100 ዶላር ነው፤ ጌሙ 1,000 ዶላር ሲያስገባ ይመለሳል። የጌሙ ገጽ ጌሙ ከመለቀቁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሕዝብ መታየት አለበት የሚል ደንብ ቢኖርም፣ ሰዎች ጌሙን በዊሽሊስታቸው (ሊገዙት በሚፈልጉት ጌሞች ዝርዝር) ውስጥ የሚያስገቡበት በቂ ጊዜ እንዲኖር ወራት ቀደም ብሎ መክፈት ይበጃል። ኔክስት ፌስት በተባለው የስቲም የሙከራ ቅጂዎች ዝግጅት አንድ ጌም የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ያልበሰለ ቅጂ ይዞ መግባት ዕድሉን ማባከን ነው። ኢች የተባለው የጌም ማቅረቢያ ድረ ገጽ የመመዝገቢያ ክፍያ ስለማይጠይቅ ለመጀመሪያ ሙከራ መልካም ነው። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ በዶላር የሚከፍል ካርድ የማግኘቱን ጉዳይ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ስለ ማስታወቂያ ቪዲዮው የምመክረው ራሳችሁ እንድትሠሩት ነው። እኛ በመጀመሪያ ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ስቱዲዮ ዘንድ ሄድን፤ ሥራቸው ንጹሕ ነበር፣ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሰከንዶች የስማችን ጽሑፍ እየተሽከረከረ ስለጨረሳቸው ታክሲው ከመታየቱ በፊት ተመልካቹ ያልፈዋል። ኋላ ኦቢኤስ በተባለው የስክሪን መቅረጫ ቀርጸን በነጻው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ቆረጥነው፤ ቪዲዮው ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ ይጀምራል። የአገራችን ጌም ሠሪ ቅኔ ጌምስ ያወጣው «ኩኩሉ» ከገበሬ ስለምታመልጥ ዶሮ እንደሆነ ማንም ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ለጓደኛው ይነግረዋል፤ የእናንተም ቪዲዮ በአምስት ሰከንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እንዲሰጥ አድርጉ።

ብዙ ተከታይ ላለው ገጽ ገንዘብ ከፍሎ ማስነገርን አልመክርም። ከፍለን አይተነዋል፤ በዚያ ቀን ላይኩ በርክቶ የተመዘገበው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ቲክቶክ የማያውቁን ሰዎች እንዲያዩን ረድቶናል፤ ሆኖም ያዩንን ሰዎች ያቆየልን የራሳችን የቴሌግራም ቻናል ነው፤ የሙከራውን ቅጂ በቀጥታ እናስቀምጥበታለን፣ የተጫወቱትም ችግሩን በድምፅ መልእክት ይነግሩናል። የጌሙን መጠን ግን አሳንሱት፤ በዚህ አካባቢ ብዙው ሰው የሚጠቀመው የሞባይል ጥቅል በመሆኑ ጌሙ ምንም ያህል ተወዳጅ ቢሆን ፋይሉ ትልቅ ከሆነ አያወርዱትም፤ ቀላል ከሆነ ግን ልጆቹ ራሳቸው ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያቀባብለው ዜንደር ይቀባበሉታል።

ከሁሉ በላይ የምጠቁመው የፕሌይስቴሽን ቤቶችን ነው። በአካባቢያችን ካሉት በአንዱ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን ቅዳሜ ከሰዓት ተራ ለሚጠብቁት ልጆች ሁለት ስልክ ሰጠናቸው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን አግድም ይዞ ሲጫወት፣ በሩን ለመዝጋት በዘረጋው አውራ ጣቱ በተደጋጋሚ የሒሳብ መቀበያውን ይነካ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱበት ተበሳጭቶ «ጋሼ፣ በሩ እኮ ሩቅ ነው» አለኝ። በማግሥቱ የበሩን መዝጊያ ቁልፍ ወደ ጥግ አወረድነው። እኔና እህቴ ለወራት ስንጫወተው ያላየነውን ነገር ያ ልጅ በአሥር ደቂቃ አሳየን፤ የቤቱ ባለቤትም ኪውአር ኮድ ያለበትን ስቲከር ከቲቪው አጠገብ እንድንለጥፍ ፈቀደልን። ስቲከሩን በሠፈር ማተሚያ ቤት አሳትሙት፤ ለትልቅ ባነር የምታወጡትን ገንዘብ ግን ለዚህ ቤት የአንድ ከሰዓት ኪራይ ብትከፍሉበት እጅግ ይሻላል።

የገላኑ ወንድማችን 12 ሞካሪ ካልሞላለት እኔ፣ እህቴና በብሎካችን ያሉ አራት ልጆች የጎግል አድራሻችንን ሰጥተን 14ቱን ቀን ከሙከራው ሳንወጣ ለመቆየት ተስማምተናል፤ ከሙከራው መጀመሪያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ያሳውቀን።